በኑግ ፍሬ ውስጥ ስላለው ዘይትና ስለ ዘሩ ውርስ

የኑግ ገበሬ እህሉን ጭኖ ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ክብደቱና ስለ ንጽሕናው ነው። በፍሬው ውስጥ ምን ያህል ዘይት እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኑግ የሚዘራው ስለ ዘይቱ ነው እንጂ እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ተፈጭቶ እንጀራና ዳቦ ይሆን ዘንድ አይደለም። እንግዲህ ዋናው ነገር ሳይመዘን ይቀራል፤ ቅርፊቱ ግን ከዘይቱ ጋራ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ይህ ልማድ የገበያ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነጋዴዎች ቢተው ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ዘሩን ራሱን ከዓመት ወደ ዓመት እንዳይሻሻል የሚያግድ ስለ ሆነ፣ የዞንና የወረዳ ሹማምንት አጥብቀው ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የጁቤን መመልከት ይበቃል። የጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በባሶ ሊበን የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያች ከተማ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ከወይና ደጋው እርሻ ተነሥቶ ወደ ዐባይ ሸለቆ ቆላ ይደርሳል። የባሶ ገበያ በድሮው ዘመን እጅግ የታወቀ ነበር። ከእናርያና ከዐባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴ ወንዙን ተሻግሮ ከጎንደር ከሚወርደው ነጋዴ ጋራ የሚገናኘው በዚያ ነበር። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1840ዎቹ ዓመታት በጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክም ስለዚህ ገበያ ጽፎአል። እንዲህ ያለው አገር ከላይ ኑግና ተልባ፣ ከታች ጥጥ ሊያበቅል የሚችል ስለ ሆነ፣ የዘይት እህልን ነገር ለመመርመር የተመቸ ነው። በቢቸናና በሞጣ ወገን ያለው ደጋና ወይና ደጋም በዚሁ ጉዳይ የሚካፈል ነው።

አስቀድሞ ስለ ጥጥ ጥቂት መናገር ይገባል፤ የኑግን ነገር ግልጥ ያደርገዋልና። ጥጥ የሚዘራው ለክሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ኩንታል ያልተዳመጠ ጥጥ ሲዳመጥ የሚገኘው ክር ከ35 እስከ 40 ኪሎ ያህል ነው፤ የቀረው አብዛኛው ፍሬ ነው። ከዚህም ፍሬ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ዘይት ነው። እንግዲህ በመዳመጫው ሥር ወድቆ የሚቀረው ፍሬ ከክሩ የሚከብድ፣ በውስጡም ምግብ የሚሆን ሀብት የያዘ ነው። የጥጥ ዘር መራጮች ግን ለብዙ ዘመን የመረጡት ስለ ክሩ ርዝመትና ጥንካሬ ስለ ሆነ፣ የዘይቱን ነገር ተፈጥሮ እንዳመጣው ተዉት። ያልተመረጠ ነገር አይሻሻልም፤ ያልተመዘነም ነገር አይመረጥም። ጥጥ ለክር ስለሚዘራ ይህ ቢሆን ያስታግሣል። ኑግ ግን ከዘይቱ በቀር ሌላ ትልቅ ጥቅም ሳይኖረው እንዲሁ ሳይመዘን መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

አበው ‹‹ዘር ከልጓም ይስባል›› ይላሉ። ይህ ቃል የተነገረው ስለ ሰውና ስለ ፈረስ ቢሆንም በእህልም ይሠራል። ግሬጎር ሜንዴል የተባለው መነኵሴ በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ የውርስን ሕግ ከመረመረ በኋላ ሥራውን በአውሮጳ አቈጣጠር በ1866 አሳተመ። እርሱ የመረመረው ጠባይ፣ ይኸውም የአተሩ ፍሬ ክብ ወይም የተጨማደደ፣ አበባው ነጭ ወይም ሐምራዊ መሆኑ፣ በአንድ ዘረ መል የሚወሰን ስለ ነበረ ለዓይን ግልጥ ነበር። የዘይት ብዛት ግን እንዲህ አይደለም። በጥጥም ሆነ በኑግ ዘይትን የሚያበዛ ወይም የሚያሳንስ አንድ ዘረ መል ብቻ አይደለም፤ ብዙዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ጥቂት ጥቂት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በዚህም ላይ መሬቱ፣ ዝናሙ፣ ሙቀቱና የተዘራበት ጊዜ ይጨመራሉ። ስለዚህ ሁለት የኑግ እግሮች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ከሌላው ዘይቱ በዝቶ ቢገኝ፣ ከዘሩ ይሁን ከእግሩ በታች ካለው አፈር ይሁን በዓይን ማወቅ አይቻልም።

ከባድ ነውና ተስፋ የለውም የሚል ሰው ቢኖር በአሜሪካ በኢሊኖይ የተደረገውን ይመልከት። በዚያ አገር ሲሪል ሆፕኪንስ የተባለ ሊቅ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. 163 የበቆሎ ራሶች ሰብስቦ የእያንዳንዱን ዘይት አስመረመረ። አማካዩ ከመቶ 4.7 ያህል ነበር። ከዚያ ዘይታቸው የበዛውን 24 ራሶች መርጦ ዘራ፤ በሚመጣውም ዓመት እንዲሁ አደረገ። እርሱ ካለፈ በኋላም ሌሎች ሥራውን ተቀብለው ከመቶ ትውልድ በላይ ቀጠሉት። በመቶኛው ትውልድ አካባቢ የበቆሎው ዘይት ከመቶ 20 ገደማ ደረሰ። ዘይቱ እንዲያንስ የተመረጠው ወገን ደግሞ ዘይት የሌለው እስኪመስል ድረስ አነሰ። ከውጭ አገር የመጣ ልዩ ዘር አልተጨመረበትም፤ ለውጡ ሁሉ የወጣው በመጀመሪያዎቹ ራሶች ውስጥ ተሰውሮ ከነበረው ሀብት ነው። ሆፕኪንስ ያደረገውም ከእያንዳንዱ ራስ ጥቂት ፍሬ ወስዶ መመርመር፣ የቀረውን ለዘር ማስቀመጥ፣ ይህንኑም ሳይሰለቹ መደጋገም ነበር።

ወደ ኑግ ስንመለስ ኢትዮጵያ የኑግ አገር መሆንዋ የታወቀ ነው። ኑግ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሕንድ ተሻግሮ እስከ ዛሬ በዚያ ይዘራል። በአሜሪካም ለወፎች ቀለብ ይሸጣል፤ ከኑጉ ጋራ የተደባለቀው የአረም ዘር እንዳይበቅል ወደዚያ አገር የሚገባው ኑግ በእሳት ሙቀት ይታከማል። የኑግ የትውልድ ቦታ እዚህ ስለ ሆነ የዘሩ ብዙ ዓይነትነትም እዚህ ነው። በተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ የኢትዮጵያ ኑግ ሲመረመር ዘይቱ ከመቶ ከ30 የሚያንስም ከ40 የሚበልጥም ተገኝቶአል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከመቶው 30 ዘይት ያለው አንድ ኩንታል 30 ኪሎ፣ ከመቶው 40 ያለው ደግሞ 40 ኪሎ ዘይት ይዞአል። ሁለቱ በገበያ በአንድ ዋጋ ቢሸጡ፣ በአሥር ኩንታል ላይ የመቶ ኪሎ ዘይት ልዩነት ያለ ዋጋ ይቀራል ማለት ነው።

የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ቅርፊቱ ነው። በኑግ ፍሬ ዘይቱ ያለው በውስጠኛው ክፍል ሲሆን ጥቁሩ ቅርፊት ከዘይት እጅግ ድሃ ነው። ስለዚህ ቅርፊቱ ወፍራም የሆነው ፍሬ በሚዛን ከብዶ በዘይት ያንሳል። እዚህ ላይ ሹሙ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ምሥጢር አለ። ቅርፊቱ የእናቲቱ አካል ነው፤ ውስጡ ግን ከእናትና ከአባት የተገኘው ልጅ ነው። ቅርፊተ ቀጭን ኑግ የመረጠ ሰው የእናቲቱን ጠባይ በእርግጥ መርጦአል፤ ነገር ግን አባቱ ማን እንደ ሆነ ካላወቀ ሥራው እኩሌታ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአየሩ ጠባይ ነው። ኑግ በቀዝቃዛ አገር ሲያፈራ ሊኖሌይክ የተባለው የስብ ዓይነት በዘይቱ ውስጥ ይበዛል፤ በሙቅ አገር ሲያፈራ ይቀንስና ኦሌይክ የተባለው ይጨምራል። የኢትዮጵያ ደጋ ኑግ ከመቶው 70 የሚያህለውና ከዚያም የሚበልጠው ሊኖሌይክ ሲሆን የሕንዱ ከዚህ ያነሰ ሆኖ የሚገኘው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ከየጁቤ በታች ካለው ሞቃት ቦታ የተገኘውን ኑግና በሞጣ ደጋ የተገኘውን ኑግ በየቦታቸው መርምሮ ይህ ዘር ከዚያ ይበልጣል ብሎ መፍረድ ስሕተት መሆኑን ነው። የዘሮቹ ውርስ የሚታወቀው ሁለቱ በአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ተዘርተው ሲታዩ ነው።

አሁን የነገሩ ዋና ፍሬ ዘንድ ተደርሶአል። ጤፍና ስንዴ በራሳቸው አበባ ውስጥ ራሳቸውን የሚያዳቅሉ ናቸው። ስለዚህ ብልህ ገበሬ መልካም ዛላ መርጦ ለብቻ ቢያስቀምጥ ዘሩ በእጁ ይቆይለታል፤ ጎረቤቱ ክፉ ዘር ቢዘራም እጅግ አይጎዳውም። ጥጥም ብዙውን ጊዜ ራሱን ያዳቅላል፤ ንብ ግን ጥቂቱን ታደባልቃለች። ኑግ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የኑግ አበባ የራሱን ዱቄት አይቀበልም፤ ንቦችና ሌሎች በራሪዎች ከሌላው እግር ካላመጡለት በቀር አያፈራም ማለት ይቻላል። በጎጃም ማር ሲቈረጥ የኑግ አበባ የሚመሰገነውም ስለዚሁ ነው፤ ንቧ ማሩን ስትቀስም የኑጉን ጋብቻ ትፈጽማለች። ንብም የማሳ ድንበር አታውቅም። ስለዚህ አንድ ገበሬ በጥማዱ ላይ እጅግ የተመረጠ ኑግ ቢዘራ፣ ጎረቤቱ ግን ከገበያ የተገዛ ድብልቅ ቢዘራ፣ በሚመጣው ዓመት የተመረጠው ዘር እኩሌታ ከድብልቁ የተወለደ ሊሆን ይችላል። ‹‹ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ›› እንደ ተባለው፣ በጥሩ ዘር ላይም የጎረቤቱ ዕጣ ይደርስበታል።

ከዚህ የተነሣ የኑግ ዘር የአንድ ሰው ሀብት ሊሆን አይችልም፤ የመንደሩ ሁሉ ሀብት ነው። የስንዴ ዘር መሻሻል ለትጉ ገበሬ ሊተው ይችላል። የኑግ ዘር መሻሻል ግን ለአንድ ገበሬ ቢተው ትጋቱ በከንቱ ይቀራል። ይህን አንድነት ሊያመጣ የሚችለው የወረዳው ሹም፣ የግብርና ባለሙያውና የቀበሌው ሽማግሌዎች በተስማሙ ጊዜ ነው። ስለዚህ የኑግ ዘር ነገር የእርሻ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደርም ጉዳይ ነው።

ሊደረግ የሚገባው እጅግ የከበደ አይደለም። በመጀመሪያ አንድ መንደር ወይም ኩታ ገጠም የሆነ እርሻ አንድ የኑግ ዘር ብቻ ይዝራ። ለዘር የተለየው ማሳ በመካከል ይሁን፤ በዙሪያው ያለውም ኑግ ያው ዘር ይሁን። ሜጭ የተባለው የኑግ ዘመድ አረም ከኑግ ጋራ ሊዳቀል ስለሚችል ሳያብብ ይነቀል። ቅጠል የሌለውና እንደ ቢጫ ክር በኑግ ላይ የሚጠመጠመው ጥገኛ አረምም የታየ እንደ ሆነ ያ ማሳ ለዘር አይሁን። የንብ ቀፎ በአቅራቢያው ይቀመጥ፤ ኑጉ ባበበበትም ወራት ንብ የሚገድል መድኃኒት አይረጭ።

ሁለተኛ፣ ምርጫው በማሳ ላይ ይሁን እንጂ በጎተራ አይሁን። የዘሩ ማሳ በገመድ በትናንሽ አራት ማዕዘን ይከፈል፤ ከእያንዳንዱም ክፍል ጥሩ ጥሩው እግር ይመረጥ። ከመላው ማሳ ትልልቁ እግር ብቻ የተመረጠ እንደ ሆነ ግን፣ ፍግ የወደቀበት ቦታ የበቀለው ሁሉ ተመርጦ የዘሩ ውርስ ሳይሆን የአፈሩ ውፍረት ይሸለማል። የተመረጠው የእያንዳንዱ እግር ፍሬ በየከረጢቱ ለብቻው ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ተወስዶ ወደ ምርምር ጣቢያ ይላክ፤ የቀረው ለዘር ይቈይ። የዘይት እህል ምርምር የሚካሄድበት የሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ። ፎገራ፣ እስቴ፣ ኩዩና ሻምቡ የሚባሉት የተመረጡ የኑግ ዘሮችም በአገር ውስጥ ምርምር የወጡ ናቸው። ዘይትን ፍሬውን ሳይሰብሩ የሚለኩ መሣሪያዎችም በዓለም ስላሉ፣ ሆፕኪንስ በብዙ ድካም ያደረገው ዛሬ በአጭር ጊዜ ሊፈጸም ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከመጠን በላይ አይመረጥ። ኑግ የራሱን ዱቄት የማይቀበል እንደ መሆኑ፣ የቅርብ ዘመዱንም ዱቄት ብዙ ጊዜ ይገፋል። አንድ ሰው አምስት ወይም አሥር እናቶች ብቻ ቢያስቀር፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እግሮቹ ሁሉ ዘመዳሞች ሆነው ንብ ብትመላለስም ፍሬው ይሳሳል። ስለዚህ በመቶ የሚቈጠሩ እናቶች ይያዙ። ደግሞም አዲስ ዘር ወደ ወረዳው ከመግባቱ በፊት የአገሩ ነባር ዘር ናሙና ተሰብስቦ ይቀመጥ። የአገሪቱ የዘር ማከማቻ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1976 የተቋቋመው ለዚህ ጉዳይ ነው። የጠፋ ዘር በገንዘብ አይገዛም።

አራተኛውና ዋናው የዋጋ ነገር ነው። በአሜሪካ የሱፍ አበባ ፍሬ የሚገዙ ዘይት ጨማቂዎች ዘይቱ ከመቶ 40 በላይ የሆነ እንደ ሆነ በእያንዳንዱ አንድ መቶኛ ዋጋውን ከመቶ ሁለት ይጨምራሉ፤ ከ40 ያነሰ እንደ ሆነም ይቀንሳሉ። በዚህ ሥርዐት ገበሬው ዘይታም ዘር የሚፈልገው ስለ ተመከረ ብቻ ሳይሆን ስለሚጠቅመው ነው። በጎጃም በቡሬ ፌቤላ የተባለው የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆአል፤ በደብረ ማርቆስም ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተሠርቶአል። ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው በኩል ኑጋቸውን በዘይቱ መጠን ለመሸጥ ከእንዲህ ካሉ ገዢዎች ጋራ ውል እንዲገቡ ሹማምንት ቢያደራጁ፣ የዘር ምርጫው ያለ ማስገደድ ራሱ ይሄዳል።

በዚህ አሳብ ላይ ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ኑግ ፍሬው በማሳ የሚረግፍ፣ ምርቱም አነስተኛ የሆነ እህል ስለ ሆነ፣ ከዘይቱ ይልቅ ምርቱን ማብዛት ይቅደም የሚል ነው። ይህ ቃል እውነት አለበት። ዘይቱ ከመቶ 45 ሆኖ ከአንድ ጥማድ ጥቂት ቁና ብቻ የሚሰጥ ዘር ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ የሚመዘነው የመቶኛው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከአንድ ጥማድ የሚገኘው የዘይት ኪሎ ይሁን። ምርትና ዘይት ተባዝተው የሚታዩ ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን እንዲያስወጣ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። አንድ ጠባይ ብቻ የሚከተል መራጭ ሌላውን ሳያውቅ ይጥላል። የጥጥ ታሪክ ይህን ይመሰክራል። በጥጥ ፍሬ ውስጥ ጎሲፖል የተባለ መርዝ አለ፤ ስለዚህ ዘይቱ ሳይጣራ አይበላም። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ይህ መርዝ የሌለበት ጥጥ ተገኘና ብዙ ተስፋ ተደረገበት። ነገር ግን ያ መርዝ የተክሉ ጋሻ ነበረ፤ ጋሻውን የጣለውን ጥጥ ተባይ በላው፤ ገበሬዎችም ተዉት። ከብዙ ዘመን በኋላ መርዙን ከፍሬው ብቻ አውጥቶ በቅጠሉ የሚተው ጥጥ በቴክሳስ ሊቃውንት ተሠርቶ በ2018 በአገሩ መንግሥት ዘንድ ለእርሻ ተፈቀደ። በጥጥ ደግሞ ዘይት በጨመረ ቁጥር ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በኑግም ዘይት ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ የከብት መኖ ስለ ሆነ፣ ከብት አድላቢው እንዳይጎዳ አብሮ መመርመር ይገባል። ቅርፊቱ የሳሳ ፍሬም በጎተራ እንዴት እንደሚቈይ አስቀድሞ በትንሹ መፈተን ያሻል። ተቃውሞው እንግዲህ ሥራውን የሚከለክል አይደለም፤ በማስተዋል እንዲሠራ የሚያዝዝ ነው።

አገሪቱ የዘይት እህል አገር ሆና ሳለች ለምግብ የሚሆን ዘይት ከውጭ በብዙ የውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። ጾም በሚበዛበት ሕዝብ ዘንድ ዘይት የቅምጥል ምግብ አይደለም፤ ወጥ የሚሠራበት የድሃው ቅቤ ነው። ዋጋው በተወደደ ጊዜ መጀመሪያ የሚጎድለው ከድሃው ቤት ነው። ኑግ ደግሞ ውሃ የሚተኛበትንና ሌላው እህል የማይወደውን ጥቁር መሬት የሚታገሥ፣ በማግሥቱም ለሚዘራው እህል መሬቱን አዘጋጅቶ የሚተው ነው። እንዲህ ያለው እህል ዋጋው ስላልተለየ ብቻ ገበሬው ትቶት በሌላ ቢተካው፣ ከማሳው ጋራ ማሩም፣ ፋጉሎውም፣ ብዙ ሺህ ዘመን የተከማቸው የዘሩ ውርስም አብረው ይሄዳሉ።

ስለዚህ የወረዳ ሹም በዘንድሮው የመከር ዘገባው ላይ ስንት ኩንታል ኑግ ተመረተ ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ፣ ከየቀበሌው የተወሰደው ናሙና ዘይቱ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ የሚገልጥ አንድ ዐምድ ይጨምር። ባዶ ሆኖ የሚቀር ዐምድ እንኳ ያልተመዘነውን ነገር ለዓይን ያሳያል። ዐምዱ በተሞላ ጊዜ ደግሞ የትኛው መንደር ዘይታም ዘር እንዳለው ይታወቃል፤ ለዘር ማሳ የሚመረጠውም ያ መንደር ይሆናል። ሆፕኪንስ የጀመረው በ163 የበቆሎ ራሶች ነበር። አንድ የጎጃም ወረዳም በጥቂት መቶ የኑግ እግሮች ሊጀምር ይችላል።